የጥቂቶች ሕመምና የመንግሥት አማካሪዎች

“መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ” ይላል የአገራችን ሰው። ተረቱ የተነገረው ስለ ዙፋን ቢሆንም ለጤና አስተዳደርም ይሠራል። አንድ የጤና ሚኒስቴር ስለ ወባ፣ ስለ ሳንባ ነቀርሳ ወይም ስለ ስኳር በሽታ ሲወስን መካሪ አያጣም። ሕሙማኑ ብዙ ናቸው፤ ሐኪሞች በሽታውን ያውቁታል፤ አኃዙም በየዓመቱ ሪፖርት ላይ ይወጣል። በአገር ውስጥ መቶ ወይም ሁለት መቶ ሰው ብቻ ስለሚይዝ በሽታ ግን ማን ይመክረዋል? ሐኪሙ በሥራ ዘመኑ አንድ ጊዜ እንኳ ላያየው ይችላል። የመድኃኒት ኩባንያው “ገበያ የለውም” ይላል። የበጀት ባለሙያውም ጥቂቶቹን ከብዙኃኑ ጋር በመዘነ ቁጥር ሚዛኑ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ያጋድልበታል።

ለዚህ ጥያቄ አንዳንድ መንግሥታት የሰጡት መልስ ለጉዳዩ ራሱን የቻለ አማካሪ አካል ማቋቋም ነው። ስሙ ከቦታ ቦታ ይለያያል። አንዱ ጋ ኮሚቴ፣ ሌላው ጋ ምክር ቤት፣ አልፎ አልፎም ኮሚሽን ይባላል። እነዚህ አካላት በአብዛኛው መድኃኒት አይገዙም፣ ሐኪም አይቀጥሩም፣ ሚኒስትር ማዘዝም አይችሉም። ሥራቸው ማጥናትና መምከር ነው። ታዲያ ማዘዝ የማይችል አካል ለታማሚው ምን ይፈይድለታል?

በዚህ ጽሑፍ ላነሣ የፈለግሁት ይህንኑ ነው። መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ይፈይድለታል፤ ነገር ግን ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው። አንደኛ፣ ታማሚው ወይም ቤተሰቡ ባለ ድምፅ አባል ሆኖ ከጠረጴዛው ሲቀመጥ፤ ሁለተኛ፣ ምክሩ በአደባባይ ተነግሮ መንግሥት መልስ እንዲሰጥበት ሲደረግ፤ ሦስተኛ፣ የአካሉ ህልውና በአንድ ሹም ፊርማ ሳይሆን በሕግ ሲጸና። ለዚህ ማስረጃ የማቀርበው ረዘም ያለ ልምድ ካላቸው ከአሜሪካና ከአውሮፓ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን ልብ ይበሉልኝ።

“ያልተለመደ በሽታ” ስንል

በቅድሚያ ስለ ስያሜው። አንዳንዶች እነዚህን በሽታዎች “ብርቅዬ በሽታዎች” ሲሏቸው ይሰማል። ብርቅዬ የሚለው ቃል ለዋሊያና ለቀይ ቀበሮ እንጂ ሰውን አልጋ ላይ ለሚያውል ነገር የሚመች አልመሰለኝም። ስለዚህ “እምብዛም ያልተለመዱ በሽታዎች” ማለቱን መርጫለሁ።

በአሜሪካ ሕግ አንድ በሽታ በዚህ ምድብ የሚገባው በመላ አገሪቱ ከ200,000 በታች ሰዎችን የሚይዝ ሲሆን ነው። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከ10,000 ሰዎች መካከል ከ5 የማይበልጡትን የሚይዝ መሆን አለበት ይላል። እንዲህ የሚመደቡት በሽታዎች ከ7,000 በላይ እንደሆኑ ይገመታል። አብዛኞቹ ከዘር ጋር የተያያዙ ሲሆኑ ብዙዎቹም የሚጀምሩት በልጅነት ነው። እያንዳንዱ በሽታ የሚይዘው ጥቂት ሰው ይሁን እንጂ ሁሉም ሲደመሩ በዓለም ዙሪያ ወደ 300 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ይሆናሉ። ይህ ከኢትዮጵያ ሕዝብ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው።

“ያልተለመደ” መባል የቦታ ጉዳይ መሆኑንም መዘንጋት አይገባም። ሲክል ሴል የሚባለው የቀይ ደም ሕዋስ ሕመም በአሜሪካ ወደ 100,000 ሰዎችን ብቻ ስለሚይዝ በሕጉ መሠረት ያልተለመደ ነው። በናይጄሪያ ግን ከዋነኞቹ የሕፃናት የጤና ችግሮች አንዱ ነው። በተቃራኒው በእኛ ደጋማ አካባቢዎች ቀይ አፈር ላይ ለረጅም ዘመን በባዶ እግር በመሥራት የሚመጣው ፖዶኮኒዮሲስ የተባለው የእግር እብጠት፣ በአውሮፓ ሐኪም ዘንድ ስሙ እንኳ እምብዛም አይታወቅም። ለእኛ ገበሬ ግን የቅርብ ጎረቤቱ በሽታ ነው። ስለሆነም ከሌላ አገር ዝርዝር ወስዶ “እነዚህ ናቸው ያልተለመዱት” ማለት አይቻልም። እያንዳንዱ አገር የራሱን መቁጠር አለበት። የአማካሪ አካል የመጀመሪያ ሥራም ይኸው መቁጠር ነው።

በሽታዎቹ እርስ በርሳቸው አይመሳሰሉም። አንዱ ጡንቻን ያልማል፣ ሌላው ነርቭን፣ ሌላው ጉበትን ይጎዳል። የታማሚዎቹ ችግር ግን በሚገርም ሁኔታ አንድ ዓይነት ነው። በሽታው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ዓመታት ያልፋሉ። ከታወቀም በኋላ የሚያክመው ባለሙያ በሩቅ ከተማ፣ አንዳንዴም በሌላ አገር ነው። መድኃኒት ለአብዛኞቹ የለም፤ ያለውም ዋጋው አይቀመስም። ቤተሰቡም እንደ እሱ ያለ ሌላ ቤተሰብ መኖር አለመኖሩን አያውቅም። በሽታዎቹ ሺዎች ቢሆኑም አንድ አማካሪ አካል ስለ ሁሉም ሊመክር የሚችለው በዚህ የጋራ ችግር ምክንያት ነው።

ነገሩ የተጀመረው እንዴት ነው?

እስከ 1980ዎቹ መግቢያ ድረስ በአሜሪካ ለእነዚህ ታማሚዎች የሚሠራ ሕግ አልነበረም። ይልቁንም በ1962 የወጣው የመድኃኒት ሕግ አምራቾች የመድኃኒታቸውን ፈዋሽነት በጥናት እንዲያረጋግጡ ስላስገደደ ወጪው ጨምሮ፣ ጥቂት ሰው የሚገዛውን መድኃኒት ለማምረት የሚደፍር ጠፍቶ ነበር። በቤተ ሙከራ ተስፋ አሳይተው አምራች ያጡት መድኃኒቶች “ወላጅ አልባ መድኃኒቶች” ተባሉ።

ቱሬት በተባለው የነርቭ ሕመም የተያዙና ሌሎችም ታማሚዎች ቤተሰቦች በየፊናቸው ይጮኹ ነበር። ሰሚ ያገኙት ግን ድምፃቸውን ሲያስተባብሩ ነው። የካሊፎርኒያው የሕዝብ ተወካይ ሄንሪ ዋክስማን ጉዳዩን በንዑስ ኮሚቴያቸው አስደመጡ። በወቅቱ “ኩዊንሲ” በተባለው የቴሌቪዥን ድራማ የታወቀው ተዋናይ ጃክ ክለግማን በድራማው ውስጥ ጉዳዩን ከማንሣቱም ሌላ በምክር ቤቱ ፊት ቀርቦ ምስክርነት ሰጠ። የወላጅ አልባ መድኃኒቶች ሕግ ጥር 4 ቀን 1983 በፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን ተፈረመ። የታማሚዎቹ ማኅበራት ጥምረትም በዚያው ዓመት በይፋ ተቋቋመ። “ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ሕጉ መድኃኒቱን ለሚያመርተው ኩባንያ ለሰባት ዓመት ብቻውን የመሸጥ መብትና የግብር ቅናሽ ሰጠ። ለአምራቹ የሚሆን ማበረታቻ ተገኘ ማለት ነው። ይሁን እንጂ መድኃኒት ከሚመረትበት ጊዜ በፊትና በኋላ ታማሚው ስለሚያየው መከራ ሕጉ ብዙም የሚለው አልነበረም። ይህንን ክፍተት ለማየት ሕጉ በ1985 ሲሻሻል አንድ ብሔራዊ ኮሚሽን እንዲቋቋም ተደረገ። ኮሚሽኑ በ1989 ባወጣው ሪፖርት ታማሚዎች በሽታቸውን ለማወቅ ብቻ ዓመታት እንደሚፈጅባቸው፣ መረጃው ተበታትኖ እንደሚገኝና ጉዳዩን በባለቤትነት የሚይዝ የመንግሥት ክፍል እንደሌለ አመለከተ።

ውጤቱስ? በ1993 በብሔራዊ የጤና ተቋማት ውስጥ ለነዚህ በሽታዎች ምርምር የሚሆን ቢሮ ተከፈተ። በ2002 ደግሞ ቢሮው በሕግ እንዲጸና ተደረገ። እዚህ ላይ ልብ የሚባለው ነገር ኮሚሽኑ ራሱ ማዘዝ የማይችል፣ ሪፖርቱን ጽፎ የሚበተን አካል መሆኑ ነው። ምክሩ ግን ተጽፎ ስለቀረ፣ ከአራት ዓመት በኋላ ቢሮ ሆነ፣ ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላም ሕግ ሆነ። ለታማሚ አሥራ ሦስት ዓመት ረጅም ነው። ምክር ግን አንዳንዴ እንዲህ እያዘገመ ነው የሚሄደው።

ከተረከዝ የምትወሰድ የደም ጠብታ

የአማካሪ አካል ምክር የሕይወትና የሞት ጉዳይ ሆኖ ጎልቶ የሚታየው በአዲስ ተወላጆች ምርመራ ላይ ነው። ነገሩ የተጀመረው ሮበርት ገትሪ በተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ ነው። እኚህ ሰው በ1960ዎቹ መግቢያ ላይ ከሕፃን ተረከዝ የተወሰደች የደም ጠብታ ወረቀት ላይ ደርቃ ስትመረመር ፒኬዩ የሚባለውን በዘር የሚወረስ በሽታ ማሳየት እንደምትችል አረጋገጡ። በሽታው ካልታወቀ የሕፃኑን አእምሮ ይጎዳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከታወቀ ግን በምግብ ቁጥጥር ብቻ ልጁ እንደ እኩዮቹ ያድጋል።

ከዚያ በኋላ ምርመራው በሁሉም ግዛቶች ተስፋፋ። ሆኖም እያንዳንዱ ግዛት የሚመረምረውን በሽታ የሚመርጠው በራሱ ስለነበር አንዱ ግዛት በርካታ በሽታዎችን ሲመረምር ሌላው በጣት የሚቆጠሩትን ብቻ ይመረምር ነበር። የአንድ ሕፃን ዕድል የሚወሰነው እናቱ በወለደችበት ሆስፒታል አድራሻ ነበር ማለት ነው። ይህንን ለማስተካከል በ2003 በአዲስ ተወላጆችና በልጆች ላይ ስለሚከሰቱ በዘር የሚወረሱ በሽታዎች የሚመክር የፌዴራል ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው “ሁሉም ግዛት ቢመረምራቸው” የሚላቸውን በሽታዎች ዝርዝር አዘጋጀ። የጤና ሚኒስትሩም በ2010 ዝርዝሩን ተቀበሉት።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። አንድ በሽታ በዝርዝሩ እንዲገባ የሚፈልግ ወገን ማመልከቻ ያቀርባል። ብዙ ጊዜ አመልካቾቹ የታማሚ ወላጆች ማኅበርና ከጎናቸው የቆሙ ሐኪሞች ናቸው። ኮሚቴው በቂ ነገር አለ ብሎ ካመነ ለገለልተኛ አጥኚዎች ይመራዋል። አጥኚዎቹ ሦስት ነገር ይመረምራሉ። ምርመራው አስተማማኝ ነው ወይ? ቀድሞ መታወቁ ለሕፃኑ የሚፈይደው አለ ወይ? የግዛቶቹ ቤተ ሙከራዎች ሥራውን ይችሉታል ወይ? ከዚያ ኮሚቴው በይፋ ስብሰባ ድምፅ ይሰጣል፤ ምክሩ ለሚኒስትሩ ይቀርባል። ሚኒስትሩ ቢቀበሉት እንኳ ግዛቶች የመቀበል ግዴታ የለባቸውም። ግን አብዛኞቹ ይከተላሉ፤ ምክንያቱም ጥናቱ በአደባባይ ተቀምጧል፣ እምቢ የሚል ባለሥልጣን ለምን እምቢ እንዳለ ወላጆች ይጠይቁታል።

ስፓይናል ማስኩላር አትሮፊ የተባለውን የጡንቻ በሽታ እንውሰድ። ከዓይነቶቹ ክፉው የሚይዛቸው ሕፃናት ካልታከሙ አብዛኞቹ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ ወይም በመተንፈሻ መሣሪያ ይኖራሉ። በታኅሣሥ 2016 የመጀመሪያው መድኃኒት በአሜሪካ ተፈቀደ። ነገር ግን የሞተ የነርቭ ሕዋስ አይመለስም። መድኃኒቱ በደንብ የሚሠራው ምልክቱ ሳይታይ ሲጀመር ነው፤ ምልክቱ ሳይታይ ደግሞ በሽታውን ማወቅ የሚቻለው በምርመራ ብቻ ነው። ኮሚቴው ጉዳዩን አጥንቶ መከረ፤ በሐምሌ 2018 በሽታው በዝርዝሩ ገባ፤ በ2024 መግቢያ ሁሉም 50 ግዛቶች ይመረምሩት ነበር። በ2016 የተፈቀደው መድኃኒት ለሕፃኑ በጊዜ የደረሰው በምክሩ ድልድይነት ነው።

ሁሉም ጉዳይ ግን እንዲህ የተቃና አይደለም። ክራቤ የተባለው የነርቭ በሽታ ለክርክሩ ክብደት ጥሩ ምሳሌ ነው። ሕክምናው የደም ግንድ ሕዋስ ንቅለ ተከላ ሲሆን በመጀመሪያዎቹ የሕይወት ሳምንታት መደረግ አለበት። ንቅለ ተከላው ራሱ ለሕይወት አስጊ ነው፤ የዳነውም ልጅ ሙሉ በሙሉ ጤነኛ ላይሆን ይችላል። የኮሚቴው አባላት በ2023 በጉዳዩ ላይ ድምፅ ሲሰጡ እኩል ተከፈሉ፤ ስለዚህ ሐሳቡ ሳያልፍ ቀረ። ወላጆቹና ሐኪሞቹ ጥያቄውን ከባዱን የበሽታ ዓይነት ብቻ በሚመለከት መልኩ አሻሽለው መለሱት። በ2024 አለፈ። እኔ በዚህ ውስጥ የማየው የአማካሪ አካልን ጥቅም ነው። ጥያቄው “አይሆንም” ሲባል ምክንያቱ በይፋ ስለተነገረ፣ ጠያቂዎቹ ምን አሻሽለው መመለስ እንዳለባቸው አወቁ። በቢሮ ውስጥ በዝምታ ቢወድቅ ኖሮ የሚመለሱበት መንገድ አይኖርም ነበር።

የግዛቶች ምክር ቤቶች

በአሜሪካ ብዙው የጤና ጉዳይ ያለው በግዛቶች እጅ ነው። ለድሆች የሚሆነውን ሜዲኬይድ የሚያስተዳድሩት፣ የኢንሹራንስ ኩባንያዎችን በአብዛኛው የሚቆጣጠሩት፣ የሐኪም ፈቃድ የሚሰጡት እነርሱ ናቸው። ስለዚህ ታማሚዎቹ ፊታቸውን ወደ ግዛት ምክር ቤቶች አዞሩ። በ2015 ሰሜን ካሮላይና የመጀመሪያዋ ሆና ያልተለመዱ በሽታዎች አማካሪ ምክር ቤት በሕግ አቋቋመች፤ ማደሪያውንም በቻፕል ሂል በሚገኘው ዩኒቨርሲቲዋ የሕክምና ትምህርት ቤት አደረገች። ፔንሲልቬኒያ በ2017፣ ሚኔሶታ በ2019፣ ቨርጂኒያ በ2021 ተከተሉ። ዛሬ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ግዛቶች እንዲህ ያለ አካል አላቸው።

የምክር ቤቶቹ አባላት ስብጥር ከግዛት ግዛት ቢለያይም መልኩ ተቀራራቢ ነው። የዘር ሕክምና ሐኪም፣ ነርስ፣ የሆስፒታል አስተዳዳሪ፣ ተመራማሪ፣ የኢንሹራንስና የመድኃኒት ኢንዱስትሪ ተወካይ፣ የጤና ቢሮ ባለሙያ ይገኙበታል። ከእነዚህ ጋር እኩል የተቀመጡት ታማሚውና የታማሚ ወላጅ ናቸው። ይህ ለጌጥ የተደረገ አይደለም። አንድ ሐኪም ስለ በሽታው ያውቃል። ወላጁ ግን የኢንሹራንሱ ፈቃድ በየስንት ወሩ እንደሚታደስ፣ ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው የሕፃናት ሐኪሙ ሲያሰናብተው የሚረከበው እንዴት እንደሚጠፋ ያውቃል። ምክር የሚያሻው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

የሚኔሶታው ልምድ አስተማሪ ነው። ታማሚዎች ደጋግመው ያነሡት የነበረው ችግር የኢንሹራንስ ነው። ኩባንያው “ከእኔ ጋር ውል ካላቸው ሐኪሞች ውጭ አትታከም” ይላል። ለተራ ሕመም ይህ ብዙም ላይጎዳ ይችላል። በሽታውን የሚያውቀው ሐኪም በአገሪቱ ሁለት ወይም ሦስት ከሆነ ግን “ውል ካላቸው” ማለት “አትታከም” ማለት ነው። ምክር ቤቱ ይህንን አቤቱታ ይዞ ሕግ አውጪዎቹን ወተወተ። በ2023 የግዛቲቱ ምክር ቤት ባወጣው ሕግ፣ በግዛቲቱ ሕግ የሚተዳደሩ የጤና ኢንሹራንሶች ያልተለመደ በሽታ ያለበትን ሰው ለምርመራም ሆነ ለሕክምና የሚሄድበትን ሐኪም እንዳይገድቡ፣ ተጨማሪ ክፍያም እንዳይጠይቁት ተደነገገ። አሠሪዎች በራሳቸው ገንዘብ የሚሸፍኗቸው ኢንሹራንሶች በፌዴራል ሕግ ስለሚተዳደሩ ግን ሕጉ አይነካቸውም። ግማሽ ድል ነው፤ ቢሆንም ድል ነው።

ይህ ጉዳይ ከእኛ ሰው የራቀ አይደለም። በሚኔሶታና በቨርጂኒያ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። በእነዚህ ግዛቶች ያልተለመደ በሽታ ያለበት ልጅ ያላችሁ ወገኖች፣ ወይም እዚያ ዘመድ ያላችሁ አንባቢያን፣ የሚከተለውን ብታውቁት አይከፋም። ምክር ቤቶቹ የሕዝብ አካላት ናቸው፤ ቤተሰቦች አስተያየታቸውን ሊያደርሷቸው ይችላሉ። “በኛ ቋንቋ አስተርጓሚ ስለሌለ የሐኪሙን ማብራሪያ አልተረዳነውም” የሚለው አቤቱታ ራሱ ምክር ቤቱ ሊሰማው የሚገባ መረጃ ነው። በአገራችን ልማድ የልጅን ሕመም ከጎረቤት መደበቅ አለ። ይህ ልማድ ባሕር ማዶም ይከተለናል። የተደበቀ ግን አይቆጠርም፤ ያልተቆጠረም አይመከርበትም።

የአውሮፓው መንገድ

አውሮፓውያን የጀመሩት ዘግየት ብለው ነው። የአውሮፓ ኅብረት የወላጅ አልባ መድኃኒቶችን ደንብ ያወጣው በታኅሣሥ 1999 ሲሆን በ2000 በመድኃኒት ኤጀንሲው ውስጥ አንድ ኮሚቴ ሥራ ጀመረ። ኮሚቴው አንድ መድኃኒት “ወላጅ አልባ” ተብሎ በደንቡ የተቀመጠውን ማበረታቻ ማግኘት እንዳለበት አስተያየት ይሰጣል፤ ወሳኙ የአውሮፓ ኮሚሽን ነው። ከእያንዳንዱ አባል አገር አንድ ሰው ይቀመጥበታል። ከሁሉም የሚደንቀኝ ግን ሦስት ወንበሮች ለታማሚ ማኅበራት ተወካዮች፣ ከሙሉ ድምፅ ጋር መሰጠታቸው ነው። በዚያን ጊዜ ታማሚን በመድኃኒት ኮሚቴ ውስጥ ባለ ድምፅ አድርጎ ማስቀመጥ ያልተለመደ ነበር።

በ2009 የኅብረቱ ምክር ቤት አባል አገሮች ሁሉ ለእነዚህ በሽታዎች ብሔራዊ ዕቅድ እንዲያወጡ መከረ። ፈረንሳይ ከ2005 እስከ 2008 የሚዘልቅ የመጀመሪያ ዕቅዷን ቀድማ ሠርታ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ለኮሚሽኑ የሚመክር የባለሙያዎች ኮሚቴ እንዲቋቋም ተወሰነ። ኮሚቴው ካቀረባቸው ምክሮች ዋነኛው በየአገሩ ያሉ ልዩ የሕክምና ማዕከላት እንዴት በአንድ መረብ እንደሚተሳሰሩ የሚያመለክተው ነው። በ2017 24 የአውሮፓ የማጣቀሻ መረቦች ሥራ ጀመሩ። ሐሳቡ “ታማሚው ከሚጓዝ ዕውቀቱ ይጓዝ” የሚል ነው። በአንድ ትንሽ አገር ያለ ሐኪም የታማሚውን መረጃ ልኮ ከሌሎች አገሮች ሐኪሞች ጋር ይመካከራል። ታማሚው ከአልጋው አይነሣም፤ ምክሩ ግን ድንበር ይሻገራል።

ምክር የሚከሽፈው መቼ ነው?

እስካሁን የተናገርሁት የሠመረውን ነው። የከሸፈውንም ማየት ይገባል።

አንደኛው አደጋ የአካሉ ህልውና ነው። ከላይ ያወሳሁት የአዲስ ተወላጆች ምርመራ አማካሪ ኮሚቴ በሚያዝያ 2025 በጤና መሥሪያ ቤቱ ውሳኔ እንዲፈርስ ተደረገ። ከሃያ ዓመት በላይ የሠራ፣ የብዙ ሺህ ሕፃናትን ሕይወት የነካ አካል በአንድ ደብዳቤ ቆመ። ይህ ሊሆን የቻለበት አንዱ ምክንያት ኮሚቴውን ያጸናው ሕግ ዘመኑ በ2019 አብቅቶ ሳይታደስ መቅረቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ኮሚቴው የቆየው በመሥሪያ ቤቱ በጎ ፈቃድ ነበር። በበጎ ፈቃድ የቆመ በበጎ ፈቃድ ይፈርሳል። በአውሮፓም ኮሚሽኑ በ2023 ባቀረበው የመድኃኒት ሕግ ማሻሻያ ረቂቅ፣ ታማሚዎች ድምፅ ያላቸው የወላጅ አልባ መድኃኒቶች ኮሚቴ ራሱን ችሎ መቆሙ እንዲቀር ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ሥራውን ለማቀላጠፍ ነው ተባለ። መቀላጠፉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ወንበር ሲቀነስ መጀመሪያ የሚነሣው የማን እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው አደጋ ባዶ እጅ መቅረት ነው። በሕግ ተቋቁሞ ጸሐፊም በጀትም ያልተመደበለት ምክር ቤት በዓመት ጥቂት ጊዜ ተሰብስቦ ቃለ ጉባኤ ከመጻፍ ያለፈ አይሠራም። አባላቱ በነፃ የሚያገለግሉ ሐኪሞችና ወላጆች ናቸው። ጥናት የሚያጠናላቸው አንድ ቋሚ ሠራተኛ እንኳ ከሌለ ምክራቸው ከስሜት አያልፍም፤ ስሜትን ደግሞ ባለሥልጣን በአክብሮት ሰምቶ ይረሳዋል።

ሦስተኛው የጥቅም ግጭት ነው። አንዳንዶቹ መድኃኒቶች ዋጋቸው እጅግ ከፍተኛ ነው። በ2019 በአሜሪካ ለጡንቻ በሽታው የተፈቀደው የጂን ሕክምና ለአንድ ሕፃን ለአንድ ጊዜ የሚሰጥ ሲሆን ዋጋው ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ይህን ያህል ገንዘብ ባለበት ቦታ አምራቾች የታማሚ ማኅበራትን መደጎማቸው አይቀርም። ድጎማው ሁልጊዜ ክፉ ነው አልልም፤ ብዙ ማኅበራት ያለ እሱ ሊቆሙ አይችሉም። ነገር ግን በአማካሪ አካል ውስጥ የተቀመጠ ሰው ከማን ምን እንደሚቀበል አስቀድሞ በይፋ መናገር አለበት። በአሜሪካ በ1972 የወጣው የፌዴራል አማካሪ ኮሚቴዎች ሕግ የፌዴራል ኮሚቴዎች ስብሰባ በመሠረቱ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን፣ ቃለ ጉባኤ እንዲያዝና የአባላቱ ስብጥር ሚዛናዊ እንዲሆን ያዝዛል። ሐሜትን የሚከላከለው እንዲህ ያለ በር ክፍት ማድረግ ነው።

እንግዲህ በአንድ አገር እንዲህ ያለ አካል ተቋቋመ ሲባል የሚከተሉትን መጠየቅ ይጠቅማል። የቆመው በሕግ ነው ወይስ በመመሪያ? ታማሚ ድምፅ አለው ወይስ ተጋባዥ ነው? ሪፖርቱ ለሕዝብ ይወጣል ወይ? መንግሥት በተወሰነ ጊዜ ውስጥ “ተቀብያለሁ” ወይም “አልተቀበልሁም፤ ምክንያቴም ይህ ነው” ብሎ የመመለስ ግዴታ አለበት ወይ? ቋሚ ጸሐፊና አነስተኛ በጀት አለው ወይ? ለእነዚህ ጥያቄዎች አጥጋቢ መልስ ከሌለ የተቋቋመው ምክር ቤት ሳይሆን ማኅተም ነው።

ለእኛስ ምን ይነግረናል?

“የተለመዱትን በሽታዎች ሳንጨርስ ስላልተለመዱት ማውራት ቅንጦት አይደለም ወይ?” የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ግን ቅንጦት የሚሆነው ውዱን መድኃኒት መግዛት እንጂ መቁጠርና መምከር አይመስለኝም። ፖዶኮኒዮሲስን እንመልከት። ለዘመናት እርግማን ወይም የዘር ጣጣ እየተባለ ታማሚው ከሰርግና ከዕድር ሲገለል ኖሯል። በ2013 በአገሪቱ ትኩረት የሚሹ የሐሩር በሽታዎች ብሔራዊ ዕቅድ ውስጥ ሲካተትና ስርጭቱ በካርታ ሲሠራ ግን “የማን ችግር ነው?” የሚለው ጥያቄ ባለቤት አገኘ። የመጣው ለውጥ ከጫማ፣ ከውኃና ከሳሙና ያለፈ ውድ ነገር የሚጠይቅ አልነበረም። የጎደለው ሰው ቆጥሮ የሚናገር ነበር።

ዓለም አቀፉ ሁኔታም ወደዚያው እያዘነበለ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ 2021 ያልተለመደ በሽታ ስላለባቸው ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው የመጀመሪያውን የውሳኔ ሐሳብ አጽድቋል። የዓለም የጤና ጉባኤም በግንቦት 2025 በግብፅና በስፔን መሪነት የቀረበውን ውሳኔ ተቀብሎ፣ ድርጅቱ የአሥር ዓመት ዓለም አቀፍ የድርጊት ዕቅድ እንዲያዘጋጅ ጠይቋል። ኢትዮጵያ የሁለቱም ጉባኤዎች አባል ናት። ዕቅዱ ሲመጣ “በአገራችሁ ያሉት ታማሚዎች ስንት ናቸው? የትስ ይታከማሉ?” የሚል ጥያቄ ማስከተሉ አይቀርም። ያን ጊዜ መልስ የሚሰጥ፣ ከሕፃናት ሐኪሞች፣ ከመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች፣ ከዩኒቨርሲቲዎችና ከሁሉ በፊት ከታማሚ ቤተሰቦች የተውጣጣ ትንሽ አካል ያለው አገር ይቀድማል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ክፍል፣ አንድ መዝገብ፣ አንድ ትጉህ ጸሐፊና በሕግ የጸና ወንበር ነው።

አበው “ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው” ይላሉ። በዚህ ጉዳይ ላይ ግን ተረቱ በከፊል አይሠራም። ምክሩን እምቢ የሚለው አንዱ፣ መከራው የሚመክረው ሌላው ነው። ሹሙ ሪፖርቱን መሳቢያ ውስጥ ቢያስቀምጠው ሹሙን የሚያገኘው ነገር የለም። የሚያገኘው ስሙ እንኳ በቅጡ በማይታወቅ በሽታ የተያዘውን ልጅና ሌሊቱን አጠገቡ የምታነጋውን እናቱን ነው። አማካሪ አካላት በአደባባይ መመካከራቸውና መልስ የመጠየቅ መብት ማግኘታቸው ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

ቸር እንሰንብት።